ኮቹ ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው

የእህቴ ልጅ ቤዝቦል ይጫወታል። ይህን ለሐበሻ ሰው ስነግረው መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ «ምነው፣ እግር ኳስ ጠፋ እንዴ?» ይላል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከማንም አይቀርም፦ «ታዲያ ስኮላርሺፕ ያገኛል?»

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እህቴ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ ቅዳሜና እሁድ ልጁን የማመላልሰው እኔ ነኝ። አሰልጣኝ አይደለሁም፤ ባት፣ የመምቻውን ዱላ፣ ጨብጬም አላውቅ። ግን ሜዳ ዳር ታጣፊ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚውል ሰው ብዙ ይሰማል። ወላጅ ያወራል፣ ኮች ያወራል፣ የኮሌጅ መልማዮችም ቡናቸውን ይዘው ሲቆሙ ያወራሉ። አሁን አሁን ልጆቻቸው ቤዝቦል የጀመሩ ሐበሾች እየደወሉ ይጠይቁኛል። አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ ካቸር ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ፣ ካቸር ማለት ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን በብረት ማስክ ሸፍኖ፣ ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት፣ የሚወረውረውን ኳስ የሚቀልበው ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ አንድ ጨዋታ አየች። ትንሽ ቆይታ «ሌሎቹ ቆመው እሱን ብቻ ምን አጥፍቶ ነው ያንበረከኩት?» አለችኝ።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንጨርስ።

የኮሌጅ ስፖርት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአሜሪካ ፉትቦልንና ቅርጫት ኳስን ነው። እዚያ ትልልቆቹ ኮሌጆች የፈለጉትን ልጅ ሙሉ ወጪውን ችለው ይወስዱታል። ቤዝቦል ግን እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ለረጅም ዓመታት የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው የኤንሲኤኤ ደንብ ለአንድ የዲቪዥን አንድ፣ ማለትም የከፍተኛው ደረጃ፣ ቡድን የሚፈቅደው 11.7 ስኮላርሺፕ ነበር። አዎ፣ ነጥብ ሰባት። ኮቹ ይህን 11.7 እስከ 27 ለሚደርሱ ልጆች ያካፍለዋል። ድርሻ የሚሰጠው ልጅ ደግሞ ቢያንስ 25 በመቶ ማግኘት ነበረበት። ስለዚህ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኘ የቤዝቦል ልጅ እንደ ብርቅ ነው የሚታየው። ሩብ ወይም ግማሽ ያገኘው ብዙ ነው። የቀረውን ቤተሰብ ይሞላል።

በጁን 2025 ነገሩ ተቀየረ። ተጫዋቾች በኤንሲኤኤ ላይ ባቀረቡት፣ ሐውስ በሚባለው ክስ ፍርድ ቤቱ ባጸደቀው ስምምነት፣ ስምምነቱን የተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ጣሪያ ተነሣላቸው። በምትኩ የቤዝቦል ቡድናቸው ከ34 ተጫዋች እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወረቀት ላይ 34ቱም ልጆች ሙሉ ስኮላርሺፕ ሊያገኙ ይችላሉ። ግን ያን ሁሉ ገንዘብ ለቤዝቦል የሚያፈስ ኮሌጅ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ፣ ዱሮ «ገንዘቡ ይቅርብኝ፣ ብቻ ልሞክር» ብሎ ቡድን ውስጥ ይገባ የነበረው ልጅ ወንበሩን አጣ።

ዲቪዥን ሁለት በአንድ ቡድን 9 ስኮላርሺፕ አለው። ጁኮ የሚሉት የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ በከፍተኛው ደረጃው እስከ 24 መስጠት ይፈቀድለታል። ዲቪዥን ሦስት ለስፖርት ብሎ አንድ ሳንቲም አይሰጥም። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ከ450 ሺህ በላይ ልጆች ለሃይስኩላቸው ቤዝቦል ይጫወታሉ። የዲቪዥን አንድ ቡድኖች 300 ገደማ ናቸው። ይህን የሰማ ወላጅ ወዲያው «ልጄ መታየት አለበት» ይላል። እውነቱን ነው። ችግሩ፣ መታየትን የሚሸጥለት ሰው ከጎኑ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።

ነገሩ ሲጀመር ሐሳቡ ቀና ነበር። በ1990ዎቹ ጄሪ ፎርድ የሚባል አሰልጣኝ አዮዋ ውስጥ ፐርፌክት ጌም የተባለውን ድርጅት መሠረተ። አዮዋ ብርድ አገር ነው። የፍሎሪዳና የካሊፎርኒያ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ሲጫወቱ የአዮዋው ልጅ በረዶ ይዞት ቤት ይውላል። መልማይም እሱን ብሎ አዮዋ ድረስ አይሄድም። ስለዚህ ልጆቹን አንድ ቦታ ሰብስቦ ማሳየት ትልቅ ውለታ ነበር። ዛሬ ፐርፌክት ጌምና እንደ ፕሬፕ ቤዝቦል ያሉ ተፎካካሪዎቹ በመላ አገሪቱ ውድድር ያዘጋጃሉ፣ ለልጆች ነጥብ ይሰጣሉ፣ ደረጃ ያወጣሉ። ኦክቶበር ላይ ጁፒተር፣ ፍሎሪዳ በሚደረገው የፐርፌክት ጌም ውድድር የኮሌጅ ኮቾችና የሜጀር ሊግ፣ የፕሮፌሽናሉ ቤዝቦል፣ መልማዮች በጎልፍ መኪና ከሜዳ ሜዳ ሲሯሯጡ ይውላሉ።

ሾውኬዝ የሚባለው ደግሞ ውድድር አይደለም፤ ፈተና ነው። ልጁ ቁጥር ያለው ማልያ ይሰጠዋል። 60 ያርድ ይሮጣል፣ ሰዓቱ ይያዛል። ከቦታው ይወረውራል፣ ፍጥነቱ በራዳር ይለካል። ባት ይዞ ይመታል፣ ኳሱ ከባቱ ሲለቅ ስንት ማይል እንደሚበር ይመዘገባል። ካቸር ከሆነ ፖፕ ታይም ይለካል። ይህም ኳሱ ጓንቱን ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ፣ 39 ሜትር ገደማ ርቆ ሁለተኛው ቤዝ፣ ሯጮች ከሚያርፉባቸው ቦታዎች አንዱ፣ ላይ ያለው ልጅ እጅ እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው። 2 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ ዲቪዥን አንድ ኮች ቀና ብሎ ያያል። በሩብ ሰከንድ ከዘገየ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ወላጅ ለዚህ ሁሉ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ቤንዚኑና ሆቴሉ ለብቻ ነው።

ታዲያ ሾውኬዝ ላይ ቁጥር ይዋሻል። ሯጭ የለም፣ ባት የሚያወዛውዝ የለም፣ ፒቸሩም መሬት እያስነካ አያስቸግርም። ልጁ ኳሱ ከመድረሱ በፊት ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይጠብቀዋል። ኮቾች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ስለዚህ ካቸር ሲያዩ ሰዓታቸውን የሚያወጡት ጨዋታ ላይ ነው። በየኢኒንጉ፣ ማለትም በየጨዋታው ዙር፣ መጀመሪያ ፒቸሩ አሟሙቆ ሲጨርስ ካቸሩ ወደ ሁለተኛው ቤዝ አንድ ኳስ ይወረውራል። ያኔ ወላጁ ውሃ ሊገዛ ሄዷል። ኮቹ ግን ሰዓቱን ተጭኖ ጨርሷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እናቴ መርካቶ የምትወርደው ለመዞር አይደለም። ምን እንደምትገዛ፣ ከየትኛው ተራ እንደምትገዛ፣ እስከ ስንት እንደምትከፍል ከቤቷ ወስና ነው። መንገድ ላይ ደላላ ቢጮህ ዞር ብላ አታይም። የኮሌጅ ኮችም ውድድር ላይ የሚመጣው እንደዚያው ነው። «ካቸሬ ከሁለት ዓመት በኋላ ይመረቃል፣ ስለዚህ የዚያን ዓመት ሃይስኩል የሚጨርስ ካቸር እፈልጋለሁ» ብሎ፣ የአምስት የስድስት ልጅ ስም ይዞ ይመጣል። አጠገቡ ድንቅ ሾርትስቶፕ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ፣ ቢጫወት ደስ ብሎት ያያል፤ ቡድኑ ውስጥ ሁለት ጎረምሳ ሾርትስቶፕ ካለው ግን አይጽፈውም። ብዙ ወላጅ ሾውኬዝ የሚከፍለው ልጁ «እንዲገኝ» ነው። ኮቹ ግን እዚያ የሚመጣው ቀድሞ የሰማውን ሊያረጋግጥ ነው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ልጅ ገንዘቡን ከፍሎ ይሮጣል፣ ይወረውራል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ዝርዝሩ ውስጥ እንዴት ይገባል? ዋናው መንገድ የሚያምኑት ሰው ቃል ነው። የበጋው ቡድን፣ ትራቭል ቦል የሚሉት፣ አሰልጣኙ ስልክ አንስቶ «ይህን ልጅ እየው» ካለ ይታያል። በተለይ ከዚህ በፊት ደካማ ልጅ «ጎበዝ ነው» ብሎ ያልሸጠ ከሆነ። ስለዚህ ቡድን ስትመርጡ ስለ ማልያውና ስለ ዋንጫው አትጠይቁ። «ባለፉት ዓመታት ከዚህ የወጡ ልጆች የት ኮሌጅ ገቡ? ስልኩን ማን ደወለላቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚንተባተብ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ሌላው መንገድ የአጋጣሚ ይመስላል፤ ለካቸር ግን ያጋድላል። ኮች አንድ ፒቸር ሊያይ ሲመጣ ካቸሩን ሳያይ መሄድ አይችልም። የእህቴ ልጅም መጀመሪያ የታየው እንደዚህ ነው። ኮቹ የመጣው ቡድናችን ውስጥ ላለ ረጅም ግራኝ ፒቸር ነበር። ግራኙ የዚያን ዕለት ኳሱ አልታዘዝ ብሎት መሬት እያስነካ ይወረውራል። የእኛ ልጅ በደረቱ እየመለሰ፣ እየተነሳ፣ ፒቸሩን ሄዶ እያረጋጋ ሦስት ኢኒንግ አሳለፈ። ሲያበቃ ኮቹ የቡድኑን አሰልጣኝ ጠርቶ የጠየቀው ስለ ግራኙ አልነበረም።

ይህን ስጽፍ አንድ የሚያናድደኝ ነገር ትዝ አለኝ። ኮች ሁለት ኢኒንግ አይቶ ሲሄድ ወላጆች «ልጄ ሆም ራን ሳይመታ ሄደ!» ብለው ይበሳጫሉ፤ ሆም ራን ኳሱን ከአጥሩ ውጭ የሚያሳልፍ ምት ነው። ኮቹ ውጤት ሊያይ አልመጣም። የልጁን እግር፣ የክንዱን አወራወር፣ ቁመናውን አይቷል። ልጁ ስትራይክ አውት ሆኖ፣ ማለትም መምታት ሳይሆንለት ወጥቶ፣ ሲመለስ ባቱን ወርውሮ እንደሆነ፣ ወይ ጓደኛውን «ፒቸሩ ከርቭ ነው የሚወረውረው» ብሎ አስጠንቅቆ እንደሆነም አይቷል። ሌላ ሜዳ ላይ የሚጠብቀው ስም አለ።

ስለ ቀን መቁጠሪያው አንድ ነገር ማወቅ ግድ ነው። ከ2023 ጀምሮ የዲቪዥን አንድ የቤዝቦል ኮች ልጁ 11ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ካለው ኦገስት 1 ቀድሞ ሊደውልለት፣ ሊጽፍለት አይችልም። ከዚያ በፊት የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ሕፃናት «ቃል ገባሁ» ይሉ ነበር። ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ኮሌጅ መረጠ ማለት ነው። ደንቡ ጥሩ ነው። ግን አንድ ክፍተት ትቷል፦ ከዚያ ቀን በፊትም ቢሆን መጠይቅና የካምፕ፣ ኮሌጁ የሚያዘጋጀው የአጭር ጊዜ ስልጠና፣ ማስታወቂያ መላክ ይፈቀዳል።

እህቴ ከአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ «ወደ ካምፓችን ተጋብዘሃል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ እልል ማለት ነው የቀራት። አርማው ያምራል፣ የሄድ ኮቹ ፊርማ አለበት። ያው ኢሜይል ግን ለስንት ሺህ ልጅ እንደተላከ አይታወቅም። ካምፑ ገንዘብ ያስከፍላል፤ የረዳት ኮቾችን ገቢም ይደጉማል። እንዴት ነው የሚለየው? ኢሜይሉ ልጁን አይቶት ከሆነ ይናገራል። «ቅዳሜ ሁለተኛው ሜዳ ላይ አይቼሃለሁ፣ ሯጩን ሦስተኛው ቤዝ ላይ ያስቀረህበት ውርወራ ጥሩ ነበር» የሚል ከሆነ ሰው ጽፎታል። «ውድ ተጫዋች» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ማስታወቂያ ነው። ካምፕ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ኮቹ ቀድሞ ስሙን ካወቀው፣ ልጁም እዚያ ኮሌጅ በእውነት መማር ከፈለገ፣ ከሾውኬዝ የተሻለ ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ነው። ኮቹ ራሱ አጠገቡ ቆሞ ያሠራዋልና።

ከሁሉ የባሰው በስልክ የሚመጣው ነው። አንድ «የምልመላ አገልግሎት» ነኝ የሚል ድርጅት ለእህቴ ደወለላት። ሰውዬው አንደበቱ ማር ነው። «ልጅዎ ልዩ ተሰጥኦ አለው፣ ለመቶዎች ኮቾች እናስተዋውቀዋለን» አላት፤ ዋጋውም በሺዎች። እሷም «ምን ቦታ ነው የሚጫወተው?» ብላ ጠየቀችው። ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማ፣ ከዚያ «አውትፊልድ» አለ። ስልኩ ተዘጋ። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ኢሜይል ለብዙ ኮች መበተን ነው። ኮቾቹ ደግሞ የላኪውን አድራሻ ገና ሲያዩ ያጠፉታል።

ኢሜይሉን ልጁ ራሱ መጻፍ አለበት። አጭር ይሁን። የሚመረቅበት ዓመት፣ ቦታው፣ ቁመቱና ክብደቱ፣ የትምህርት ውጤቱ፣ የሃይስኩልና የበጋ ቡድኑ፣ የአሰልጣኙ ስልክ። በመጪዎቹ ሳምንታት የት፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሜዳ እንደሚጫወት። ያንን ኮሌጅ ለምን እንደመረጠ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ የቪዲዮ ሊንክ። ቪዲዮው ሙዚቃና ጭስ አያስፈልገውም። ካቸር ከሆነ ከጎን ሲወረውር፣ ከፊት ሲቀልብ፣ ከዚያ ጥቂት ምት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ኮቹ የመጀመሪያዋን ሃያ ሰከንድ ካየ በኋላ ነው የሚወስነው።

ቪዲዮ በር እንደሚከፍት ጥርጥር የለውም። ዴኒስ ካሱምባ የሚባል የኡጋንዳ ካቸር በመኪና ጎማና በጄሪካን ሲለማመድ የሚያሳዩ ቪዲዮዎቹ ዓለምን አዳርሰው፣ በ2023 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ለፍሬድሪክ ኪስ ለመጫወት በቃ። ያ ሊግ ለድራፍት፣ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ወጣቶችን በተራ ለሚመርጡበት ዝግጅት፣ የሚዘጋጁ ልጆች የሚታዩበት ነው። በዚያ ዓመት ድራፍት ግን ማንም አልመረጠውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየሳምንቱ ጨዋታ ሲጫወቱ ካደጉ ልጆች ጋር ነበር የተሰለፈው። የሚሊዮኖች እይታ ለዚያ ምትክ አይሆንም።

«ልጁ ራሱ ይጻፍ» ስል የእኛ ቤት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው ታላቅ ሲናገር አንገታቸውን እንዲደፉ ነው። የጨዋ ልጅ ዓይን ለዓይን አያፈጥም፣ ድምፁን አያነሳም። አሜሪካዊው ኮች ደግሞ ልጁ እጁን ጨብጦ፣ ዓይኑን አይቶ፣ ስሙን ጮክ ብሎ እንዲናገር ይጠብቃል። አንዱ ኮች የኛን ልጅ አነጋግሮት ሲያበቃ ለአሰልጣኙ «ፍላጎት ያለው አይመስልም» አለ። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያ ኮሌጅ ሲያነብ ነው ያደረው! እናቱ ጎን ቆማ ልትመልስለት ስትሞክር ደግሞ ባሰ። ኮች ከወላጅ ጋር ማውራት አይወድም፤ ለአራት ዓመት የሚኖረው ከልጁ ጋር ነው።

ያልነገርኳችሁ፣ ይኸው ልጅ ማስኩን ሲያደርግ ሌላ ሰው ነው። ካቸር ሜዳውን በሙሉ ከፊቱ የሚያይ ብቸኛው ተጫዋች ስለሆነ መጮኽ ሥራው ነው። እህቴ አንድ ቀን ፈረቃዋ ተቀይሮላት መጥታ፣ ትልልቅ ጎረምሶችን «ወደ ግራ! ተጠጋ! አንተ ነህ ያዘው!» እያለ ሲያዝ ሰምታ አፏን ያዘች። «ይሄ ልጅ ቤት ውስጥ ውሃ እንኳ የሚለምነው በሹክሹክታ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ልጁ ኮች ሊያነጋግር ሲል የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማስክህን አድርገህ አውራ።»

ሌላው የእኛ ጉድ ሁዳዴ ነው። የሜሪላንድ የሃይስኩል ቤዝቦል የሚጀምረው ማርች ላይ ነው፤ ልክ ጾሙ በገባበት። ኮቹ «ሰውነትህ ቀጭን ነው፣ ክብደት ጨምር፣ ወተት ጠጣ፣ እንቁላል ብላ» ይላል። እህቴ ሽሮ ታቀርባለች። ካቸር በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ቁጢጥ ብሎ እንደሚነሳ ቁጠሩት። መጀመሪያ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን አበዛች። ከዚያ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ አንድ መላ አበጁ። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ የቤት ምስጢር ነው።

በ17 ዓመቱ ያልታየ ልጅ አበቃለት ማለት አይደለም። ለዋሽንግተን ሰው ምሳሌው ቅርብ ነው። ፒቸሩ ስቲቨን ስትራስበርግ በ2006 ሃይስኩል ሲጨርስ በድራፍቱ የመረጠው አንድም ቡድን የለም፤ ሰውነቱ ከብዶ፣ አቋሙ ደካማ ነበር። የቀድሞው ዝነኛ መቺ ቶኒ ግዊን ያሠለጥነው ወደነበረው ሳን ዲዬጎ ስቴት ገባ። እዚያ ሰውነቱን ሠሩት። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2009 የዋሽንግተኑ ቡድን ናሽናልስ የድራፍቱ አንደኛ አድርጎ ወሰደው። በ2019 ናሽናልስ ዋንጫውን ሲያነሳ የወርልድ ሲሪሱ፣ የፍጻሜው ግጥሚያ፣ ኮከብ ተጫዋች እሱ ነበር። አልበርት ፑሆልስም ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከቤተሰቡ ጋር መጥቶ፣ ካንሳስ ሲቲ ያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተጫውቶ፣ በ1999 የተመረጠው በ13ኛው ዙር ነው። ከ400 በላይ ስም ቀድሞት ተጠርቷል። 703 ሆም ራን መትቶ ነው የጨረሰው። እነዚህ ከሺህ አንድ ናቸው፣ አውቃለሁ። ያነሳኋቸው መልማይም እንደሚሳሳት፣ ጁኮም እንደማያሳፍር ለማሳየት ነው።

ጁኮ ዛሬ ከበፊቱም ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ምክንያቱ ትራንስፈር ፖርታል ነው። በ2018 ከተከፈተ ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋች ስሙን እዚያ አስገብቶ ሌላ ኮሌጅ መሄድ ቀለለው። አንድ ኮች ካቸር ቢጎድለው የ17 ዓመት ልጅ አሳድጎ ከሚጠብቅ፣ ሁለት ዓመት ኮሌጅ የተጫወተ፣ ጢም ያወጣ የ21 ዓመት ጎልማሳ ከፖርታል ይወስዳል። ልጃችሁ የሚፎካከረው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ብቻ አይደለም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ዲቪዥን ሦስት ልመለስ። የሐበሻ ወላጅ «ስኮላርሺፕ የለውም» ሲባል ጆሮውን ይዘጋል። ግን ዲቪዥን ሦስት የማይሰጠው የስፖርት ገንዘብ ነው። በቤተሰብ ገቢና በትምህርት ውጤት የሚሰጠው ሌላ ነው፣ ብዙም ነው። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ በቤዝቦል ዲቪዥን ሦስት ነው። ማይክል ብሉምበርግ በ2018 ለተማሪዎች ፋይናንሻል ኤይድ እንዲውል 1.8 ቢሊዮን ዶላር የሰጠው ለዚሁ ኮሌጅ ነው። የዚህ ዓይነት ኮሌጅ ለነርስ ረዳት ልጅ የሚያወጣው ገንዘብ፣ ዲቪዥን አንድ ለቤዝቦሉ ከሚሰጠው 25 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። ኮቹ ገንዘብ ባይሰጥም የልጁን ትራንስክሪፕት ለአድሚሽን ቢሮ አስቀድሞ አስነብቦ «የመግባት ተስፋ አለህ» ወይም «አትድከም» ሊለው ይችላል። ወጪውን ደግሞ የየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለው ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር ገቢያችሁን አስገብታችሁ በግምት ይነግራችኋል። ነፃ ነው፣ ማንም አይደውልላችሁም።

ጨዋታውም ቀልድ አይደለም። እዚሁ ሜሪላንድ ያለው ሳልስበሪ በ2021 የዲቪዥን ሦስት ሻምፒዮን ሆኗል። በ2023 የፍጻሜው ግጥሚያ በሊንችበርግና በጆንስ ሆፕኪንስ መካከል ነበር፣ ሊንችበርግ አሸነፈ። ሁለቱም ከቤታችን በመኪና ደርሶ መልስ ነው።

ስለ ትምህርቱ እናቶችን መምከር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንድ ብቻ፦ ለዲቪዥን አንድ ኤንሲኤኤ የሚቆጥራቸው 16 ኮር ኮርሶች አሉ፤ 10ሩ ልጁ 12ኛ ክፍል ሳይጀምር ማለቅ አለባቸው፣ በእነዚያ ኮርሶች አማካይ ውጤቱም ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ሳይነግራችሁ ሊያልፍ ይችላል። 9ኛ ክፍል ላይ ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ አሁን 11ኛ ክፍል ነው። ከጻፈላቸው ኮቾች የመለሱለት አሉ፣ ዝም ያሉትም ይበዛሉ። በቅርቡ አንድ ዲቪዥን ሦስት ኮሌጅ ልንጎበኝ ሄድን። ኮቹ ሜዳውን፣ ጂሙን፣ ላይብረሪውን አሳየን። ልጁ ማስኩን አድርጎ አወራ፣ ጥሩ ነበር። ልንወጣ ስንል እህቴ፣ መንገዱን ሙሉ ዝም ብላ የነበረችው፣ ኮቹን አስቆመችው። «ጉልበቱ ቢጎዳና መጫወት ባይችልስ? ገንዘቡ ይቆማል?»

ካቸር ላለው ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። ዲቪዥን አንድ ላይ፣ ስምምነቱ በሚሸፍነው ጊዜ ውስጥ በጉዳት ምክንያት ስኮላርሺፑን መቀነስ አይቻልም። ስምምነቱ ካለቀ በኋላ ያለውን ግን ኮሌጁን መጠየቅ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ለስንት ዓመት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይኼኛው ኮች ግን ሳቅ ብሎ «የእኛ ገንዘብ ከቤዝቦል ጋር ግንኙነት የለውም። ነገ ቤዝቦል ሰለቸኝ ቢለኝም ፋይናንሻል ኤይዱ አይነካም» አላት።

መኪና ውስጥ ክርክሩ ጦፈ። እህቴ «አለቀ፣ እዚህ ነው» አለች። ልጁ «እማ፣ ዲቪዥን አንድ ሳልሞክር?» አለ። እሷ ስለ ጉልበቱ፣ እሱ ስለ ፖፕ ታይሙ። እኔ መሪውን ይዤ ዝም አልኩ፤ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። እስካሁን አልተስማሙም። ልጁ ኢሜይሉን ለሦስቱም ዲቪዥን መላኩን ቀጥሏል። እህቴ ደግሞ ከሥራ ስትወጣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ማን እንደመለሰለት ሆኗል።